ከናይሮቢ የተላከው ናሙና

ዳውዲን ከካታሎግ መርጦ ማዘዝ ይቻላል። የአሜሪካው ትልቁ የሴል ባንክ ሲሲኤል 213 የሚል ቁጥር ሰጥቶታል፤ በትንሽ ብልቃጥ ቀዝቅዞና ታሽጎ ላዘዘው ቤተ ሙከራ ይላካል። ተቀባዩ አሙቆ ምግቡን ያቀርብለታል፤ ከዚያ በኋላ ሥራው መባዛት ብቻ ነው። ስለ አመጣጡ የሚነገረው ከሁለት መስመር አይበልጥም፦ ከ16 ዓመት አፍሪካዊ ወንድ ልጅ የተወሰደ፣ የቡርኪት ሊምፎማ፣ 1967። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ዳውዲ በስዋሂሊ ዳዊት ማለት ነው።

ስለዚህ ሴል በ1968 የወጣውን ጥናት የሚያነብ ሰው የስቶክሆልሞቹን ባልና ሚስት፣ የጆርጅና የኤቫ ክላይንን ስም ከፊት ያገኛል። ከስሞቹ ሰልፍ መጨረሻ ላይ ፒተር ክሊፎርድ የሚል አለ። ክሊፎርድ የስዊድን ተመራማሪ አልነበሩም፤ የናይሮቢው ኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ቀዶ ሐኪም ነበሩ። ሆስፒታሉ በ1901 በአርባ አልጋ የተከፈተ የ«አገሬው ሰው» ሐኪም ቤት ነበር፤ በ1952 የእንግሊዙን ንጉሥ የጆርጅ ስድስተኛን ስም ለበሰ፤ ኬንያ ነጻ ከወጣች በኋላ በ1964 የኬንያታ ሆነ። ስሙ በተቀየረባቸው በነዚያ ዓመታት ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ ከሕፃናት መንጋጋና ሆድ የተቆረጡ ትንንሽ የዕጢ ቁራጮች እየታሸጉ ወደ አየር ማረፊያ ይወርዱ ነበር። መድረሻቸው ስቶክሆልም፣ ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ነው። ሴሎቹ ሕይወታቸው ሳይወጣ ይደርሱ ስለነበር እዚያ እየተባዙ የሚኖሩ የሴል ዘር ሆነው ቀሩ፤ ዳውዲም ከእነዚህ አንዱ ነው።

ዛሬ ሐኪሞች የደም ካንሰርን ከጂን ስህተት የሚጀምር በሽታ አድርገው ሲያስረዱ ከሚጠቅሷቸው የመጀመሪያ ማስረጃዎች አንዱ በዚህ መንገድ የሄደ ነው። ከናይሮቢ ወደ ስቶክሆልም ያለው መንገድ በደንብ ተጽፏል። የመልሱ መንገድ ግን ስልሳ ዓመት አልፎትም ገና ተሠርቶ አላለቀም።

ታሪኩ የሚጀምረው ከናይሮቢ በስተምዕራብ፣ ካምፓላ ውስጥ ነው። በ1957 ሙላጎ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት አየርላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ዴኒስ ቡርኪት አንድ ሕፃን እንዲያዩ በባልደረባቸው በዶክተር ሂዩ ትሮውል ተጠሩ። የልጁ መንጋጋ ግራና ቀኙ፣ ላይና ታቹ አብጧል። መግል እንዳይባል በአራት ቦታ እንዴት ይሆናል? ካንሰር እንዳይባል ደግሞ ካንሰር በአንድ ጊዜ አራት ማዕዘን አይዝም። ብዙም ሳይቆይ ቡርኪት ጂንጃ ሆስፒታል ሄደው በመስኮት ወደ ውጭ ሲያዩ ሣሩ ላይ ከእናቱ ጋር የተቀመጠ ሌላ ልጅ አዩ፤ ፊቱ ያው ነው። ወጥተው ሆዱን ሲዳብሱት እዚያም ዕጢ አለ። ከዚያ ወዲህ የቆዩ መዝገቦችን እያገላበጡ ቆጠሩ፤ በ1958 የመጀመሪያውን ጽሑፍ በእንግሊዝ የቀዶ ሕክምና መጽሔት አወጡ። በጊዜው ብዙ ሰው ልብ አላለውም።

ቡርኪት አንድ ዓይናቸውን በልጅነታቸው በአደጋ ያጡ ሰው ናቸው። በቀረችው ዓይን ያዩት ግን ሌላው ያላየውን ካርታ ነበር። በ25 ፓውንድ ድጎማ በራሪ ወረቀትና መጠይቅ አሳትመው በአፍሪካ ላሉ ሐኪሞች በተኑ፤ መልሱን በካርታ ላይ ነጥብ በነጥብ አስቀመጡት። በጥቅምት 1961 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በ250 ፓውንድ የተገዛች አሮጌ ፎርድ ይዘው ከካምፓላ እስከ ደቡብ አፍሪካ በአሥር ሳምንት አሥር ሺህ ማይል ነዱ። በደረሱበት ሆስፒታል ሁሉ ፎቶ አውጥተው ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ «እንዲህ ያለ ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

የወጣው ካርታ ለእኛ አንባቢ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። በሽታው ሙቀትና ዝናብ ባለበት ቆላ አለ፤ ከምድር ወገብ አጠገብ ከ1,500 ሜትር ገደማ በላይ ሲወጣ ይጠፋል፤ ወደ ደቡብ በተሄደ ቁጥር የሚጠፋበት ከፍታ ዝቅ እያለ ይመጣል። «ቆላ ወርዶ ታመመ» ሲባል ላደገ ሰው ይህ የወባ ካርታ ነው። ናይሮቢ ራሷ ደጋ ናት፣ 1,700 ሜትር ገደማ። በሽታው ከቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ከኪሱሙ አካባቢና ከባሕር ጠረፉ ነው የሚመጣው። ሐኪሙ ደጋ ላይ ተቀምጦ በሽታው ቆላ ነው ማለት ነው። ይህ ርቀት ለሳይንሱ አልከበደም፤ ልጇን አዝላ ከሐይቁ ዳር ሌሊቱን በአውቶቡስ ለምትመጣ እናት ግን ያኔም ከባድ ነበር፣ ዛሬም ከባድ ነው።

በካምፓላው መስመር የተገኘውን ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም፤ እንደ ተረት የሚጥም እውነት ነው። መጋቢት 22 ቀን 1961 ቡርኪት ለንደን ውስጥ ሚድልሴክስ ሆስፒታል ንግግር ሲያደርጉ ከአድማጮቹ አንዱ የዶሮ ካንሰር የሚያመጡ ቫይረሶችን ያጠና የነበረው አንቶኒ ኤፕስታይን ነበር። ከሙቀትና ከዝናብ ጋር የሚሄድ ካንሰር ካለ ተላላፊ ነገር አለበት ብሎ አሰበ፤ ናሙና በአውሮፕላን ይላክልኝ አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም አላገኘም። በታኅሣሥ 1963 አንድ ቀን ለንደን በጭጋግ ተዘግታ ናሙናውን የያዘው አውሮፕላን ማንቸስተር አረፈ። ብልቃጡ በመዘግየቱ እጁ ሲገባ ፈሳሹ ደፍርሷል። በባክቴሪያ የተበላሸ መስሎት ነበር፤ በማይክሮስኮፕ ሲያየው ግን የደፈረሰው ከዕጢው ተላቀው በሚዋኙ ሕያው ሴሎች ነው። ከእነዚያ ሴሎች የሴል ዘር አበቀለ፤ ዛሬ ኤፕስታይን-ባር የምንለው ቫይረስ በ1964 የተገኘው በዚያ ውስጥ ነው። ኤፕስታይን በየካቲት 2024 በ102 ዓመቱ አረፈ።

ቫይረሱ ግን ብቻውን መልስ አልሆነም። የዓለም አዋቂ ሕዝብ ከአሥሩ ዘጠኙ በላይ ይህን ቫይረስ ተሸክሞ ይኖራል፤ ስቶክሆልምም፣ ቶኪዮም፣ ደሴም። ታዲያ መንጋጋው የሚያብጠው ለምን የሐይቁ ዳር ልጅ ብቻ ሆነ? ጥያቄው ከቫይረሱ ወደ ሴሉ የውስጥ መዝገብ፣ ወደ ክሮሞዞሙ የዞረው እዚህ ላይ ነው። የናይሮቢም ድርሻ የሚጎላው ከዚህ በኋላ ነው።

ክሊፎርድ ናሙና ሰብሳቢ ብቻ አልነበሩም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአካባቢው የጨረር ሕክምና አልነበረም፤ ፊት ያጠፋን ዕጢ በቢላ ማውጣትም አይቻልም። ከኒው ዮርኩ ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ተቋም ጋር በተደረገ ትብብር ሜቶትሬክሴትና ሳይክሎፎስፋማይድን የመሰሉ መድኃኒቶች ወደ ካምፓላና ወደ ናይሮቢ መጡ። ለቀናት ብቻ የተሰጠ መድኃኒት እብጠቱን እንደ ቅቤ ሲያቀልጠው ታየ። አንዳንዶቹ ልጆች እንደገና ታመሙ፤ አንዳንዶቹ ግን ዳኑ። ክሊፎርድ በ1967 ለረጅም ጊዜ በሕይወት ስለቆዩ የናይሮቢ ሕሙማን ጽፈዋል። በዚያ ዘመን ካንሰርን በመድኃኒት ብቻ ማዳን ይቻላል የሚለው አሳብ በአሜሪካም ቢሆን ገና የሚያከራክር ነበር። ይህ እንዲነገር እፈልጋለሁ፤ የምሥራቅ አፍሪካ ሆስፒታሎች በዚህ ታሪክ ውስጥ የናሙና ማዕድን ብቻ ሆነው ሲቀርቡ ደስ አይለኝም።

የስቶክሆልሙ ጆርጅ ክላይን ቡዳፔስት ያደገ አይሁዳዊ ነው፤ ከናዚዎች ሞት አምልጦ በ1947 ስዊድን ገባ፤ ሐኪምነቱን እዚያ ጨረሰ፤ ከባለቤቱ ከኤቫ ጋር ቤተ ሙከራ አቋቋመ። ከናይሮቢ የመጣላቸውን ደምና ዕጢ ለራሳቸው ብቻ አልያዙትም። በ1970 ጀርመናዊው ሐራልድ ሱር ሐውዘን የኤፕስታይን-ባርን ቫይረስ ዲኤንኤ ዕጢው ውስጥ ማግኘቱን ኔቸር መጽሔት ላይ ሲያወጣ ከጸሐፊዎቹ መካከል ክላይንም ክሊፎርድም ነበሩ። ሱር ሐውዘን በኋላ የማሕፀን በር ካንሰርን ቫይረስ አግኝቶ በ2008 ኖቤል ተሸለመ።

በዚያው ካሮሊንስካ፣ በሌላ ኮሪደር፣ ቶርቢዮርን ካስፐርሰንና ሎሬ ዜክ ክሮሞዞሞችን በሚያበራ ቀለም የሚያቀልሙበት ዘዴ አውጥተው ነበር። ከዚያ በፊት ክሮሞዞም በማይክሮስኮፕ ሲታይ የተበተነ የክር ቁራጭ ነው። ዘዴው ሲመጣ እያንዳንዱ ክሮሞዞም እንደ ጥበብ ጥለት የራሱ መስመር ያለው ሆነ፤ የቱ የት እንደተቀደደ መለየት ተቻለ። በ1972 ከቡልጋሪያ የመጡት ጆርጅ ማኖሎቭና ያንካ ማኖሎቫ በክላይን ቤተ ሙከራ የቡርኪትን ሴሎች በዚህ ቀለም አይተው አንደኛው 14ኛ ክሮሞዞም ጫፉ ላይ ትርፍ መስመር እንዳለው አስተዋሉ። በየናሙናው ተደጋገመ። በ1976 ሎሬ ዜክና ባልደረቦቿ ትርፉ ከየት እንደመጣ አሳዩ፦ ከ8ኛው ክሮሞዞም ጫፍ ተቆርጦ ነው እዚህ የተሰፋው።

ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች ሲያስረዱኝ የቀለለኝ በአንድ የቀበሌ ምሳሌ ነው። እያንዳንዱ ሴል «ተባዛ» የሚል ትእዛዝ የሚያጸድቅ ማኅተም አለው እንበል። ማኅተሙ ሊቀመንበሩ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ በቀን አንዴ ሁለቴ፣ ሲያስፈልግ ብቻ ይወጣል። ከሊቀመንበሩ ቢሮ ሌላ ጫፍ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ማኅተም ሲመታ የሚውል ጸሐፊ አለ። አንድ ቀን ዕቃ ሲዛወር የሊቀመንበሩ ማኅተም በስህተት በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ጸሐፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥራው መምታት ነው፣ ይመታል። በ8ኛው ክሮሞዞም ጫፍ ያለው ማኅተም ማይክ የሚባለው ጂን ነው። በ14ኛው ላይ ያለው የማያርፍ ጸሐፊ ደግሞ ነጭ የደም ሴል አንቲቦዲ የሚያመርትበት የጂን ክፍል ነው። ሁለቱ ሲጎራበቱ ሴሉ ማቆሚያ የሌለው መባዛት ውስጥ ይገባል።

ክላይን በ1981 ይሄው ይሆናል ብሎ ጻፈ፤ በሚቀጥለው ዓመት ጣሊያናዊው ሐኪም ሪካርዶ ዳላ-ፋቬራና ካርሎ ክሮቼ በአንድ ወገን፣ የሀርቫርዱ ፊሊፕ ሌደር በሌላ ወገን አረጋገጡት። ማይክ ከጡት እስከ አንጀት ስንት የካንሰር ዓይነት ውስጥ እጁ እንዳለበት የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ወባው የት ገባ? ከናይሮቢ ፓቶሎጂስት አለን ሊንሴል ጋር ይሠሩ የነበሩት አሜሪካዊው ጊልበርት ዳልዶርፍ በ1964 ነው ወባን በግልጽ የጠቆሙት፤ አሠራሩ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ አልታወቀም ነበር። ነጭ የደም ሴል አንቲቦዲውን ለማሻሻል ሲል የራሱን ዲኤንኤ በኤንዛይም እየቆረጠ ይቀጥላል፤ ኤይድ ይባላል ኤንዛይሙ። ወባ ደጋግሞ የያዘው ልጅ ይህ መቁረጥና መቀጠል ፋታ አያገኝም። ቢላው በበዛ ቁጥር መሳሳቱ አይቀርም። በ2015 በአይጥ የተደረገ ጥናት ይህን መንገድ አሳየ። ቫይረሱም መሞት የነበረበት ሴል እንዳይሞት ያግዛል። የሁለት በሽታ ሴራ ብንለው ያስኬዳል።

እስከዚህ የተነገረው ሁሉ የሳይንስ ድል ነው፤ ድሉ ለሐይቁ ዳር ልጅ ምን አመጣለት?

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የቡርኪት ሊምፎማ ከያዛቸው ልጆች ከአሥሩ ዘጠኙ ይድናሉ። በ2020 የወጣ ትልቅ ጥናት ሪቱክሲማብ የሚባለው አንቲቦዲ ከኬሞው ጋር ሲጨመር በከባድ ደረጃ ላይ ካሉት ልጆች በሦስት ዓመት ውስጥ ሳያገረሽባቸው የቆዩት ከ82 ወደ 94 በመቶ ገደማ ከፍ ማለታቸውን አሳየ። እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች ካንሰርን የመግደል አቅማቸው በቤተ ሙከራ ከሚለካባቸው ሴሎች አንዱ ዳውዲ ነው። ከኬንያ የሄደ ሴል ያገዘው መድኃኒት ለኬንያ ልጅ ብርቅ ሲሆን ማየት ምን ስም ይሰጠዋል? እኔ ዕዳ ነው የምለው።

በናይሮቢም ዝም ብሎ የተቀመጠ የለም። ከኬንያ፣ ከናይጄሪያና ከታንዛኒያ የተውጣጡ ሐኪሞች፣ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲዋ የደም ሐኪም ጄሲ ጊታንጋ ያሉበት ቡድን፣ ርካሽ በሆኑ ሦስት መድኃኒቶች ሞከሩት፦ ሳይክሎፎስፋማይድ፣ ሜቶትሬክሴትና ቪንክሪስቲን። በ2012 በወጣው ውጤት ከ356 ሕሙማን ከዓመት በኋላ 67 በመቶው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ 62 በመቶው በሕይወት ነበሩ። ለሀብታም አገር ሐኪም ይህ ቁጥር ውድቀት ነው፤ ለኬንያታ ሆስፒታል ሐኪም ግን በሥርዓት ከተሰጠ፣ ከተከታተሉት፣ መድኃኒቱ ካልተቋረጠ ምን ያህል ልጅ ማትረፍ እንደሚቻል ያሳየ ማስረጃ ነው። ካልተቋረጠ የምትለዋ ቃል ላይ ነው ችግሩ። በኬንያዋ ኤልዶሬት ከተማ ባለው ሞይ ሆስፒታል ከ2007 እስከ 2009 ለካንሰር የታከሙ ልጆች ሲጠኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕክምናውን አቋርጠው ሄደዋል። መድኃኒቱ እምቢ ስላለ አይደለም። የትራንስፖርት ገንዘብ አልቆ፣ ዕዳው በዝቶ፣ ቤት የቀሩት ሌሎች ልጆች ስላሉ ነው። የሰውን ክሮሞዞም ቆጥሮ የጨረሰ ሳይንስ የአውቶቡስ ቲኬት የሚባለውን ነገር አልቆጠረውም።

ሁለተኛው በጂን ላይ የተመሠረተ የደም ካንሰር ታሪክ ናይሮቢን በሌላ በር ያገኛታል። በ1960 ፊላዴልፊያ ውስጥ ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሐንገርፎርድ ሥር በሰደደ የነጭ ደም ሴል ካንሰር ውስጥ አንድ ያጠረ ክሮሞዞም አገኙ፤ በ1973 የቺካጎዋ ሐኪም ጃኔት ራውሊ ከ9ኛውና ከ22ኛው የተለዋወጠ ነው አለች። ከዚያ ስህተት የሚወለደውን ፕሮቲን የሚያቆመውን ክኒን እስከ ሕሙማን ያደረሱት ሐኪም ብራያን ድሩከር ናቸው። ግሊቬክ የተባለው ይህ ክኒን በግንቦት 2001 ተፈቀደ። በአሜሪካ የዓመት ዋጋው ወደ 30 ሺህ ዶላር ይጠጋ ነበር፤ አምራቹ ኩባንያ ግን ለድሃ አገሮች በነጻ የሚሰጥበት ፕሮግራም ከፈተ፤ በኬንያ የሚታደለው በናይሮቢ ሆስፒታል፣ በእኛ አገር ደግሞ በጥቁር አንበሳ ነበር። በሞት የሚያልቅ የነበረ በሽታ በቀን አንድ ክኒን የሚኖሩት በሽታ ሆነ። ይህን ሳላመሰግን አላልፍም። ነገር ግን ክኒኑን ለመጀመር ክሮሞዞሙ ወይም ጂኑ መታየት አለበት፤ እየሠራ መሆኑን ለማወቅም በየጊዜው መለካት አለበት። ለክኒኑ ነጻ ሰጪ ተገኘለት፤ ለምርመራው ግን እንደዚያ አልተገኘም። ለሳንባ ነቀርሳ በየወረዳው የምናውቀው የጂን ኤክስፐርት ማሽን ይህንንም መለካት እንደሚችል ሲታወቅ ብዙ ሐኪሞች እፎይ ያሉት ለዚህ ነው። ካርትሪጁ ከተገኘ፣ ማለቴ ነው።

የምርመራውን ነገር ከራሴ ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአክስቴ ልጅ አንገቱ ላይ እብጠት ወጣበት፤ አዲስ አበባ ውስጥ ተቆርጦ ወደ ፓቶሎጂ ተላከ። ውጤቱ «ሊምፎማ፣ ዓይነቱ በተጨማሪ ምርመራ ይለይ» የሚል ነበር። ተጨማሪውን የሚሠራው ሌላ ቤተ ሙከራ ነው። ስላይዱን ይዤ ሄድኩ። መስኮቷ ላይ ያለችው ልጅ በትሕትና፣ «ጋሼ፣ ስላይዱ ብቻ አይበቃም፤ ብሎኩን ይዘው ይምጡ» አለችኝ። ብሎክ የሚሉት ሥጋው በሰም ውስጥ ተቀርጾ የተቀመጠበት፣ ከክብሪት ሳጥን ያነሰ የፕላስቲክ ሣጥን ነው። ወደ መጀመሪያው ተመለስኩ፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ስብሰባ ነበር፤ በማግስቱ ዓርብ፣ ከዚያ በዓል። በዘጠነኛው ቀን ብሎኩን በካኪ ፖስታ፣ ፖስታውን በኮቴ ኪስ ይዤ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ስለ ክሊፎርድ አሰብኩ። የእሳቸው ናሙና በ1960ዎቹ ሕይወቱ ሳይወጣ ከናይሮቢ ስቶክሆልም ደርሷል። የእኔው ከተማ ለመሻገር ዘጠኝ ቀን ፈጀበት።

የአክስቴ ልጅ ዓይነቱ ዝግተኛ ስለነበር መዘግየቱ አልጎዳውም። ቡርኪት ቢሆን ኖሮ ግን እንዲህ ነው ሒሳቡ፦ የዚህ በሽታ ሴሎች በአንድ ቀን ገደማ እጥፍ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱ በዘጠነኛው ቀን 512 ነው። እርግጥ ከተወለዱት ብዙዎቹ ወዲያው ይሞታሉ፤ ስለዚህ እብጠቱ ራሱ እንደዚያ አይፈጥንም። የሞቱትን የሚበሉ ነጭ የጽዳት ሴሎች በጥቁር ሰማያዊው መሐል ነጥብ ነጥብ እያሉ ስለሚታዩ ፓቶሎጂስቶች ይህን ምስል «ከዋክብታም ሰማይ» ይሉታል። አንድ ጊዜ በማይክሮስኮፕ አሳይተውኝ አውቃለሁ። በእርግጥም የክረምቱ ደመና በተገፈፈ ማግስት ያለ የመስከረም ሌሊት ይመስላል። እያንዳንዱ ኮከብ የሞተ ሴል መቃብር መሆኑን ሲነግሩኝ ዓይኔን ከመነጽሩ አነሣሁ።

የፈቃድ ነገርም አለ። በ1960ዎቹ የታማሚን ሥጋ ለምርምር ወስዶ በአውሮፕላን መላክ ፊርማ የሚጠየቅበት ጉዳይ አልነበረም፤ በናይሮቢ ብቻ አይደለም፣ በአሜሪካም አይጠየቅም ነበር። ስለዚህ ክሊፎርድን በዛሬ ሕግ መክሰስ አልሻም፤ የሚያክሙትን ልጅ ሕይወት ለማትረፍ ይታገሉ የነበሩ ሰው ናቸው። ክሴ ከዚያ በኋላ በመጣው ላይ ነው። ናሙና መላኪያው መስመር ለዓመታት ሲሠራ፣ በመስመሩ መነሻ ላይ ክሮሞዞም የሚያነብ ክፍልና የሚያነብ ሰው ማቆም ለምን የማንም አጀንዳ አልሆነም? ካስፐርሰን ቀለም ያወጣው በ1970 ገደማ ነው፤ ማይክሮስኮፑም ቀለሙም እንደ ሰው ልጅ ፓስፖርት አይጠየቁም።

አሁን ነገሩ በመጠኑ እየተለወጠ ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም የሚሠሩት ኡጋንዳዊው ሐኪም ሳም ምቡላይቴዬ የመሩት ኤምብሌም የተባለ ጥናት በኡጋንዳ፣ በታንዛኒያና በኬንያ ሕፃናትን በአካባቢያቸው እየፈለገ አጥንቷል። በኪሱሙ የኬንያ የሕክምና ምርምር ተቋም፣ ኬምሪ፣ ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ስለ ወባው፣ ስለ ቫይረሱና ስለ ዕጢው ጂኖች ለዓመታት ሠርቷል። በ2019 የወጣው የመላው ጂኖም ጥናት ደግሞ ቫይረሱ ያለበት የቡርኪት ዕጢ የኤይድ ቢላ አሻራ በብዛት እንደሚታይበትና ከሌላው ይልቅ ጥቂት ተጨማሪ የጂን ስህተት እንደሚበቃው አሳየ፤ የቫይረሱ ድርሻ ትልቅ ነው ማለት ነው። የጸሐፊዎቹ ዝርዝር ውስጥ የአፍሪካ ስም ከድሮው በዝቷል። ቅደም ተከተላቸውን ግን አሁንም መመልከት ተገቢ ነው፤ ማን ከፊት ነው፣ ማን ከኋላ።

እኛም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለንም። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አባት ልጃቸውን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ በስሙ ያቋቋሙት የማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከ2004 ጀምሮ ይሠራል። በጥቁር አንበሳ የሕፃናት ካንሰር ክፍል ግቢ ከክፍለ ሀገር መጥተው መጠለያ የሚፈልጉ ወላጆችን ያየ ሰው የኤልዶሬቱን ቁጥር ለመረዳት ኬንያ መሄድ አያስፈልገውም። የእኛም ልጆች ናሙና ለጥልቅ ምርመራ ወደ ውጭ ይላካል። የሚላክ ከሆነ ከናሙናው ጋር ሰው ይላክ፤ ሠልጥኖ ይመለስ፤ ሲመለስ የሚሠራበት ማሽንና የማሽኑን ካርትሪጅ ያግኝ። ጤና ሚኒስቴርም ዩኒቨርሲቲዎቹም የውጭ የምርምር ስምምነት ሲፈርሙ ይህ አንቀጽ መግባቱን ይዩ።

ለወላጆች ደግሞ አንድ ነገር። ልጅዎ መንጋጋው በቀናት ውስጥ ካበጠ፣ ጥርሱ ያለ ምክንያት ከተነቃነቀ፣ ወይም ሆዱ በፍጥነት እየጠነከረ ከመጣ ጥርሱን አያስነቅሉ፤ ዛር ነው፣ ቡዳ ነው ሲባልም ሳምንት ሳይጠብቁ ሐኪም ቤት ይውሰዱት። ካርድ ሲያወጡ ዕብጠቱ የጀመረበትን ቀን በትክክል ይናገሩ፤ ናሙና ከተወሰደም ብሎኩ የት እንደተቀመጠና የመዝገብ ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው ይያዙ።